በጃክ አገናኚያቸው

ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ ትንሹም ትልቁም «እትዬ ሽቦ» ይላታል። መዝገብ ላይ ያለው ስሟ ሌላ ነው፤ ግን በዚያ ስም የሚጠራት ሰው ቢመጣ እሷም ዞር ብላ የምታይ አይመስልም። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን የተወችው ሰባተኛ ክፍል አጋማሽ ላይ ነው። እናቷ አልጋ ላይ ዋለች፣ ከሥሯ አራት ልጆች ነበሩ፣ ታላቋ እሷ ነበረች፤ በቃ። ስለዚህ ነገር ሲጠይቋት «ደብተሩ አለቀና ተውኩት» ብላ ታልፈዋለች። ከዚያ በላይ ለማስረዳት ጉልበቱም የላትም።

ጣቢያው ያለው ባለ አራት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው። ከታች ልብስ ሰፊዎች አሉ፣ ሁለተኛው ፎቅ የጥርስ ሐኪሙ ነው፣ አራተኛው ላይ ማን እንዳለ በውል የሚያውቅ የለም። ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል። ደረጃውን እትዬ ሽቦ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ አምስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ከላይ እስከ ታች ወልውላዋለች። ጉልበቶቿን የበላውም እሱ ነው። አሁን ስትቀመጥ አንድ ጊዜ፣ ስትነሣ ሁለት ጊዜ ቀጭ ይላሉ።

ከመወልወያው ወደ ድምፅ መቆጣጠሪያው ወንበር የተሻገረችው አስባበት አይደለም። ያኔ የነበረው የድምፅ ሠራተኛ ሲጋራ ወዳጅ ነበር። «እትዬ፣ መወልወያውን አስቀምጪና እዚህ አንዴ ተቀመጪልኝ፤ ይቺ መብራት ከቀላች ጥሪኝ» ይላትና ይወጣል። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ነበር። ቀጥሎ ሩብ ሰዓት ሆነ። ኋላ ላይ ሌላ ሥራ አገኘና ወጣ እንዳለ በዚያው ቀረ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ በሩ ላይ ቆመው «እስኪ ሰው እስክናገኝ አንቺ ያዢው» አሏት። ሰው ሳይገኝ ስድስት ዓመት ሆነ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ አቅራቢው ማይክራፎኑ ፊት ይቀመጣል። ከመስታወቱ ወዲህ እሷ አለች፤ ፊቷ ላይ ረድፍ ረድፍ ቁልፍ ያለው የድምፅ መደባለቂያ፣ ሚክሰር የሚሉት፣ እና አንድ ኮምፒውተር። ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው፤ በነጻ ስለሚገኝ ጣቢያው ከጥንት የያዘው እሱን ነው። ክፋቱ፣ ሆዱ ውስጥ ሁለት የድምፅ አስተዳዳሪ ነበረው። አንደኛው ለስርጭቱ ነው፤ ጥብቅ፣ ቸኳይ፣ ቅጽበት የማያዘገይ። ሙዚቃውና ማስታወቂያው የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። ሁለተኛው ለተራው ነገር ነው፤ በኢንተርኔት የሚደወል ስልክ የሚመጣው በዚህኛው ነው። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ እንደተኳረፉ ዘመዳሞች ናቸው። የደዋዩ ድምፅ ተራው ጋ ይደርሳል፣ እዚያው ይቀራል። ጥብቁ «አላውቅህም» ይለዋል።

ይህን ያወቀችው ወንበሩን በያዘች በሳምንቱ ነው። «ጎረቤቴና እኔ» የሚባል ዝግጅት ተጀመረ። ሰዎች እየደወሉ ከጎረቤት ያጣላቸውን ይናገራሉ፣ አቅራቢው ያስታርቃል። የመጀመሪያው ቀን አቅራቢው «ሄሎ፣ ሄሎ» ሲል ሰዓቱ አለቀ። ኮምፒውተሩን የተከለው ቴክኒሻን ሌላ ከተማ ገብቷል፤ ደወለችለት። እሱ ያለበት ቦታ ጄኔሬተር ይጮሃል፣ እሷ ያለችበት ቦታ ሥራ አስኪያጁ ይጮሃሉ።

«ሁለቱ አልተገናኙም!» አለችው።

«በጃክ አገናኚያቸው!»

«በምን?»

«በጃክ! በጃክ! እዚያው አለልሽ!»

«ጃክ? አለ፣ አየሁት።»

«በቃ በእሱ አገናኚያቸው!» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

እውነትም ጃክ ነበረ። መሳቢያው ውስጥ፣ ከሞቱ ባትሪዎችና ከተሰበረ የጆሮ ማዳመጫ ጋር የተጠቀለለ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ መሰኪያ ያለው ጥቁር ገመድ። እሷ ጃክ ብላ የምታውቀው ይህንን ነው፤ ሰውስ ቢሆን ሌላ ምን ጃክ ያውቃል? ገመዱን ይዛ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተንበረከከች። ተራው ድምፅ የሚወጣበትን አረንጓዴ ቀዳዳ ፈልጋ ሰካችው። ሌላውን ጫፍ ሚክሰሩ ላይ ሰካችው። የደዋዩ ድምፅ በአንዱ በር ወጥቶ፣ ውጭ ለውጭ ዞሮ፣ በሌላው በር ገባ። አቅራቢው ከመስታወቱ ወዲያ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ።

ደዋዩም አቅራቢውን መስማት ስላለበት ሁለተኛ ገመድ አመጣች፤ ይሄኛው ከሚክሰሩ ተነሥቶ ወደ ኮምፒውተሩ ሮዝ ቀዳዳ የሚመለስ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለውን ድምፅ ሁሉ አንድ ላይ አድርጋ ላከችላቸው። ደዋዮቹ «ማን ነው የሚደግምብኝ?» እያሉ ቁም ስቅሏን አሳዩዋት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየዘጋች እየከፈተች ደረሰችበት። ሰው የገዛ ድምፁ ትንሽ ዘግይቶ ጆሮው ውስጥ ከተመለሰበት መናገር አይችልም፤ ምላሱ ይተሳሰራል። ስለዚህ ለደዋዩ ከራሱ ድምፅ በቀር ያለው ሁሉ ይላክለታል። ይህን ማንም አላስተማራትም። እሷም ለማንም አልነገረች፤ የጠየቃት የለማ።

ገመድ ይዛ ከጠረጴዛ ሥር ስትወጣ ስትገባ አይቷት ነው አቅራቢው «እትዬ ሽቦ» ያላት። በዚያው ጸና።

ዘንድሮ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣች። በዕድሜ ከእትዬ ሽቦ ታናሽ እህት የማትበልጥ፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ወረቀት ሳትይዝ የማትታይ ሴት ናት። መጥፎ ሰው አይደለችም። መጥፎ ብትሆን ይቀል ነበር፤ መጥፎን ሰው ረግሞ መተው ይቻላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ሽቦን ቢሮዋ ጠራቻት።

«እትዬ፣ ክፉ አይምሰልዎ» አለቻት። «አዲስ ኮምፒውተር እየመጣ ነው። የሚተክለው ባለሙያ እግረ መንገዱን በየወንበሩ ያለው ሰው ሥራውን ማወቅ አለማወቁን አይቶ ፎርም ይሞላል። ሁሉም ሰው ነው የሚታየው፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም።»

«አላወቀችም ካለስ?»

«ከሥራ አይወጡም! ምን በወጣዎ! ወደ ቀድሞ ቦታዎ ይመለሳሉ።»

«የቀድሞ ቦታዬ ደረጃው ነው።»

«አዎ፣ ጽዳት ክፍል» አለች ሥራ አስኪያጇ፣ እያጽናናቻት።

እትዬ ሽቦ አመስግና ወጣች። ደረጃውን ከላይ ወደ ታች አየችው። ለሌላው ሰው ደረጃ ነው፤ መውጫና መውረጃ። ለእሷ ግን ባልዲ፣ ጨርቅ፣ መንበርከክ፣ መነሣት፣ እንደገና መንበርከክ ነው። ሐኪም ቤት ሄዳ የነበረ ጊዜ ዶክተሩ የጉልበቷን የራጅ ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ «በእነዚህ ጉልበቶች ከእንግዲህ መንበርከክ የለም» ብሏታል። ለዶክተር መናገር ቀላል ነው።

በፈተናው ቀን ጠዋት ባሏ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ሻይ ይጠጣ ነበር። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቶ ወገቡ የቀረ ሰው ነው። ሁለቱ ተደምረው አንድ ጤነኛ ሰው አይወጣቸውም፤ ይህን የሚለው ራሱ ነው።

«ምን ይጠይቁሽ ይሆን?»

«እንጃ።»

«የምታውቂውን ትነግሪያቸዋለሻ።»

«የማውቀውን ነገር ስሙን አላውቀውም።»

«ኧረ ተይኝ! እኔ ግማሹን ሞተር "ያቺ ነገር፣ ይቺ ነገር" እያልኩ አይደል ስጠግን የኖርኩት?»

«አንተን ማን ፈተነህ?»

«ገደሉ።»

ሳትወድ ሳቀች። ጫማዋን አደረገች፣ አንድ ጊዜ ተቀመጠች፣ ሁለት ጊዜ ቀጭ ብላ ተነሣች፣ ወጣች።

አዲሱን ኮምፒውተር ሊተክል የመጣው ቴክኒሻን ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ መነጽሩን በየደቂቃው በሸሚዙ የሚጠርግ፣ ሰው አክባሪ ነው። ሌሊቱን አውቶቡስ ላይ ስላደረ ዓይኑ ቀልቷል። አሮጌውን ኮምፒውተር ከመንቀሉ በፊት ከጀርባው ገብቶ ማየት ጀመረ። ቆየ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር ድምፁ መጣ።

«እትዬ፣ ይሄ ገመድ ምንድን ነው?»

«ጃኩ ነዋ።»

«ከየት ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ከኮምፒውተሩ ወደ ሚክሰሩ። ደዋዩ የሚመጣበት ነው። ያኛው ደግሞ የሚመለስበት።»

ጭንቅላቱን አወጣ። አፍንጫው ላይ የሸረሪት ድር አለ። «ማን ነው በገመድ ያገናኙ ያለዎት?»

«የድሮው ቴክኒሻን። በስልክ። "በጃክ አገናኚያቸው" አለኝ።»

የቴክኒሻኑ ፊት ቀስ በቀስ ተፈታ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ አልሆነለትም፣ ሳቁ ፈነዳ። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እትዬ... ጃክ... ጃክኮ የፕሮግራም ስም ነው! ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው! ያ ጥብቁ የድምፅ አስተዳዳሪ፣ እሱ ነው ስሙ ጃክ የሚባለው! ሁለት ቃል ጽፈው እዚያው ውስጥ ያገናኟቸው ማለቱ ነው!»

«ውስጥ?»

«ውስጥ! ያለምንም ገመድ!»

አቅራቢው የሳቁን ድምፅ ሰምቶ መጣ፣ ተነገረው፣ እሱም ግድግዳ ይዞ ሳቀ። ወሬው ከእሱ ወደ ዜና ክፍል ሄደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዎቹ ሳይቀሩ ሰምተውታል። እትዬ ሽቦ ወንበሯ ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት አትጠላም ነበር። ስድስት ዓመት። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል በተሳሳተ ጆሮ ሰምታ፣ በዚያ ላይ ተቀምጣ ኖራለች።

ቴክኒሻኑ እንባውን ጠረገና ፊቷን ሲያይ ደነገጠ። «ይቅርታ፣ እትዬ። አላግባብ ነው የሳቅኩት። እኮ ሠርቷል! ገርሞኝ ነው። ጉድለቱ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በገመድ ሲሆን ስርጭቱ ላይ "ኡኡኡ" የሚል ድምፅ ይገባል።»

አቅራቢው ሳቁን አቋረጠ። «"ኡኡኡ" የሚለው የጥርስ ሐኪሙ ማሽን አይደለም እንዴ?»

«የምን የጥርስ ሐኪም?»

«እኛ እሱ ነው ብለን ስድስት ዓመት ተኳርፈነዋል! ሰላምታ እንኳን አንሰጠውም!»

«የሰው ጎረቤት የምታስታርቀው አንተው ነህ» አለች እትዬ ሽቦ። ሳቁ ከተነሣ ወዲህ ከአፏ የወጣው ረጅሙ ነገር እሱ ነው።

አዲሱ ኮምፒውተር የሳሙና ሳጥን ያህላል። አገላብጣ አየችው፤ አረንጓዴ ቀዳዳ የለው፣ ሮዝ ቀዳዳ የለው። በዚህኛው ሁለቱ የድምፅ አስተዳዳሪዎች አንድ ጣሪያ ሥር ገብተዋል አላት ቴክኒሻኑ፤ ኩርፊያው ቀርቷል። ግን ማን ከማን እንደሚገናኝ አሁንም ሰው ነው የሚነግራቸው። ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት። ሳጥን ሳጥን ተሥሏል፤ አንዱ ማይክራፎኑ፣ አንዱ ደዋዩ፣ አንዱ ሙዚቃው፣ አንዱ ሁሉም የሚደባለቅበት፣ አንዱ ወደ ስርጭት የሚወጣው። በማውስ ከአንዱ ሳጥን ይዞ ወደ ሌላው ሲጎትት መስመር ይዘረጋል።

«ሽቦዎ አሁን እዚህ ነው» አላት።

ስማቸው በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፣ ሲሰበሰቡ ግን ጊዜ ይወስዱባታል። ስለዚህ በስም ሳይሆን በቦታ ያዘቻቸው። ከላይ በግራ ማይክራፎን። ከሥሩ ደዋይ። መሃል መደባለቂያው። በቀኝ ስርጭት። ቴክኒሻኑ መስመሮቹን ሲዘረጋ ቆጠረች፤ አሥራ አንድ ናቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን «ጎረቤቴና እኔ» ጀመረ። መስመሮቹን ቴክኒሻኑ ስለዘረጋቸው የእሷ ሥራ ድምፁን ከፍ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጇ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። ፎርሙ ቴክኒሻኑ ጉልበት ላይ ነው። ከላይ ስሟ ተጽፏል፣ ከሥሩ ባዶ ነው።

የመጀመሪያዋ ደዋይ ድምፃቸው የሚንቀጠቀጥ አሮጊት ነበሩ።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ከጎረቤት ምን አጣላዎ?» አለ አቅራቢው።

«የኔ ልጅ፣ ይቺ ጎረቤቴ የምናገረውን ትደግምብኛለች። ግድግዳው ስስ ነው። "ውሃ መጣ" ስል "ውሃ መጣ" ትላለች። ሳስነጥስ እንኳን ታስነጥሳለች። ሰባት ዓመቴ...» አሮጊቷ ድንገት ቆሙ። «ይኸው! ሰማሃት?»

«ማንን፣ እማማ?»

«እሷን ነዋ! አሁን "ሰማሃት" ስል "ሰማሃት" አለች!»

ቴክኒሻኑ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ፣ የድምፁን ከፍታ የሚያሳዩትን አረንጓዴ ዘንጎች አየ። «ንጹህ ነው» አለ። «ምንም የለም እዚህ። ሴትዮዋ ትንሽ...» ጣቱን ጆሮ ግንዱ አጠገብ አሽከረከረ። ሥራ አስኪያጇ ሳቋን በእጇ ከለለች።

«እማማ፣ እኛ የሰማነው ነገር የለም» አለ አቅራቢው። «ምናልባት ጆሮዎ...»

«ጆሮዬን ተወው! ጆሮዬ ደህና ነው! አንቺ ባለጌ፣ ዝም በይ! ይኸው፣ "ዝም በይ" ትለኛለች ደግሞ! እኔን!» ከዚያ የአሮጊቷ ድምፅ ወረደ። «የኔ ልጅ፣ እኔ እያበድኩ ነው እንዴ?»

እትዬ ሽቦ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች።

«ራሳቸውን እየሰሙ ነው» አለች።

«ምን?» አለ ቴክኒሻኑ።

«የገዛ ድምፃቸው ነው እየተመለሰባቸው ያለው።»

«ቢሆን እኛም እንሰማው ነበር።»

«እኛማ አንሰማውም። የሚሄደው ወደ እሳቸው ብቻ ነው። ሁሉንም አንድ ላይ አደባልቀህ ነው የላክህላቸው፤ የራሳቸውን ሳትቀንስ።»

ቴክኒሻኑ አፉን ከፈተ፣ ስክሪኑን አየ፣ አፉን ዘጋ። አሮጊቷ ወደ ለቅሶ እየሄዱ ነበር። እትዬ ሽቦ ማውሱን ያዘች። ከመደባለቂያው ሳጥን ሁለት መስመር ተጠጋግቶ ይወጣል፤ አንዱ ወደ ደዋዩ፣ አንዱ ወደ ስርጭት። አንዱን ያዘች፣ አጠፋችው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀዩ መብራት በራ። የጠፋው የደዋይዋ ሳይሆን የስርጭቱ መስመር ነበር። ከተማው ሁሉ የሚሰማው ሬዲዮ ዝም ብሏል፤ እዚህ ቤት ውስጥ ከዚህ የሚብስ ኃጢአት የለም። ሥራ አስኪያጇ ከበሩ ወደ ውስጥ ዘለቀች። ቴክኒሻኑ እጁን ወደ ማውሱ ሲሰድ እትዬ ሽቦ በክርኗ መለሰችው። መስመሩን እንደገና ጎተተችና ከቦታው ከተተችው። መብራቱ ጠፋ፣ የአሮጊቷ ሲቃ ተመልሶ መጣ። ከዚያ ሌላውን መስመር አጠፋችው። በመጨረሻም ከማይክራፎኑ ሳጥን አንድ መስመር ይዛ፣ በመደባለቂያው ሳታሳልፍ፣ ቀጥታ ወደ ደዋዩ ዘረጋች።

«...ስትደግምብኝ፣ ስትደግምብኝ...» አሮጊቷ አቋረጡ። አዳመጡ። «ዝም አለች» አሉ።

«አዎ፣ እማማ?» አለ አቅራቢው።

«ፈራች! ሬዲዮ ላይ መሆኔን ሰምታ ነው!»

«ይሆናል፣ እማማ።»

«ይበላት! አንተ ልጅ፣ ተባረክ። ሰባት ዓመት ሽማግሌ ያልፈታውን ነው የፈታህልኝ!»

አቅራቢው ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለ። «ሥራችን ነው፣ እማማ» አለ።

ዝግጅቱ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጇ ሰዓቷን እያየች «ስድስት ሰከንድ ዝም ብለናል» አለች። ቴክኒሻኑ ብዕሩን ይዞ ፎርሙን ያያል። ሥራ አስኪያጇ ወደ ቢሮዋ ስትሄድ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስድስቱን ሰከንድ የእኔ ስሕተት ነው ብዬ ልጻፈው?»

«ያየኸውን ጻፍ» አለች እትዬ ሽቦ። ለሌላ ነገር አቅም አልነበራትም።

ያየውን ጻፈ። የመጀመሪያው መስመር «ሥራውን ትችላለች፤ የእኔንም ስሕተት ያረመችው እሷ ናት» ይላል። ሁለተኛው «ስሕተቱን ስታርም ስርጭት ለስድስት ሰከንድ ተቋርጧል» ይላል። ሦስተኛው የፎርሙ የራሱ ጥያቄ ነው፤ የትምህርት ማስረጃ። እዚያ ላይ «የላትም» ብሎ ፈረመ። ሥራ አስኪያጇ ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ትችላለች ግን የላትም» አለች ለራሷ። «ታዲያ እኔ ይሄን ለቦርዱ ምን ብዬ ላቅርበው?»

ማታ ባሏ «አለፍሽ ወይስ ወደቅሽ?» አላት።

«መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ።»

«መሃል መንገድ መቆም ያስቀጣል» አላት።

ያስቀጣል። በማግስቱ ደረጃው መግቢያ ላይ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ በር አጠገብ፣ የሥራ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘችው። የድምፅ ባለሙያ፣ ዲፕሎማ ያለው፣ ወንድ ወይም ሴት። ሥራ አስኪያጇ በመተላለፊያው ስታገኛት ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ «እስኪገኝ ድረስ ይቆያሉ፣ እትዬ» አለቻት። እትዬ ሽቦ «እሺ» አለች። ቤት ስትመለስ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የጽዳት ካፖርቷን አውርዳ አጠበችው። ቁልፉ ወልቋል፤ ቁልፍ ተከለችለት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩ ተነሣ። ሳጥኖቹ በየቦታቸው አሉ፤ ግን አንድም መስመር የለም። ጣቢያው ዜና ሊያስተላልፍ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ሥራ አስኪያጇ ወደ ቴክኒሻኑ ደወለች፣ ዝግ ነው። እንደገና ደወለች። መተላለፊያው ላይ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ዘወር ብላ በመስታወቱ ስታይ እትዬ ሽቦ ማውሱን ይዛ ተቀምጣለች። ከላይ በግራ ወደ መሃል፣ አንድ። ከመሃል ወደ ቀኝ፣ ሁለት። ሥራ አስኪያጇ ገብታ ከኋላዋ ቆመች።

«ይሄ የት ነው የተጻፈው፣ እትዬ?»

«የትም።»

«የትኛው ወደ የትኛው እንደሚሄድ ማን ነው የሚያውቀው?»

«ቴክኒሻኑ።»

«ሌላስ?»

እትዬ ሽቦ ሰባተኛውን መስመር እየጎተተች ስለነበር አልመለሰችም። ዜናው በሰዓቱ ወጣ።

በዚያ ሳምንት መብራት ሦስት ጊዜ ሄደ። ሦስቱንም ጊዜ ዘረጋቻቸው። ሰኞ ጠዋት ስትመጣ ማስታወቂያው ከግድግዳው ላይ የለም፤ የቀረው የተለጠፈበት ፕላስተር አራት ጥግ ብቻ ነው። ማን እንዳነሣው የነገራት የለም። የድምፅ ባለሙያ ናት የሚል ደብዳቤም አልመጣላትም፣ ጽዳት ናት የሚልም አልመጣላትም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ቴክኒሻኑ የደወለው ከዚያ በኋላ ነው።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ ያን ቀን በጥድፊያ ነው የወጣሁት፤ አንድ ነገር ሳላሳይዎ ቀረሁ። መብራት ሲሄድ መስመሮቹ አይጠፉብዎም?»

«ይጠፋሉ።»

«ውይ! በየቀኑ ነው እንዴ የሚዘረጉት?»

«በየቀኑም ባይሆን።»

«በሉ ይስሙኝ። ከላይ በግራ በኩል፣ ሦስተኛዋ ምልክት ላይ ይጫኑ። ስም ይስጡትና ያስቀምጡት። ከዚያ ወዲያ መብራት ቢሄድ ቢመጣ ራሱ ይመልሳቸዋል። እርስዎ ባይኖሩም ማንም ሰው መጥቶ ቢከፍተው ይሠራል።»

«ማንም ሰው?»

«ማንም! ዕረፍት ያገኛሉ።»

እትዬ ሽቦ ከላይ በግራ በኩል አየች። ሦስተኛዋ ምልክት አለች። ትንሽ ናት፣ የተጣጠፈ ወረቀት ትመስላለች።

«አየኋት» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ወንድም።»

ስልኩን ዘጋችና ሥራዋን ቀጠለች። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታሞች ተጣሉ፣ አቅራቢው አስታረቀ። ወደ ማታ ላይ የመስመሮቹን መስኮት ስትዘጋ ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ላስቀምጠው ወይስ ይቅር ብሎ ጠየቃት። የጥያቄውን ፊደሎች አንድ በአንድ አነበበቻቸው፣ ጊዜ ወስዳ፣ ምን እንደሚሉ አሁን ገብቷት። ይቅር የሚለውን ተጫነች።

በማግስቱ ጠዋት መብራት ሄዶ መጣ። ሥራ አስኪያጇ በበሩ ብቅ ብላ «እትዬ፣ አሉ አይደል?» አለች። እትዬ ሽቦ «አለሁ» ብላ አሥራ አንዱን መስመር አንድ በአንድ ዘረጋች። አሁን እጇ ስለለመደው አራት ደቂቃም አይፈጅባትም።